ስለ አሮጌ አውቶሞቢሎች ሴርቮ ፍሬንና ስለ ደጋ አገር አየር

ዕድሜያቸው ኀምሳና ስድሳ ዓመት የሞላቸውን አውቶሞቢሎች አድሶ መያዝ በብዙ አገር ራሱን የቻለ የንግድ ሥራ ሆኗል። በአሜሪካና በአውሮፓ ለእነዚሁ አውቶሞቢሎች ብቻ የመለዋወጫ ዕቃ የሚሠሩ ፋብሪካዎች ይገኛሉ፤ ካታሎጋቸውም ለፈለገው አስመጪ ሁሉ ይደርሳል። በአገራችንም በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ በመንግሥት ከተወሰነ ወዲህ፣ አሮጌ አውቶሞቢል ያለው ሰው ያለውን ጠብቆና አሻሽሎ ለመያዝ ቢያስብ የሚያስደንቅ አይሆንም። እንዲህ ያለው ደንበኛ ወደ መለዋወጫ ሱቅ መጥቶ ከሚጠይቃቸው ዕቃዎች አንዱ፣ የነጂውን እግር የሚያግዘው ሴርቮ ነው።

ሴርቮ ሲታይ ቀላል ዕቃ ነው። ጥቁር ቀለም የተቀባ፣ ድስት የሚያህል ክብ ቆርቆሮ ሲሆን በጥቂት ብሎኖች ይታሰራል፤ አንድ የጎማ ቱቦ ይገባበታል። ሻጩም ገዢውም ይህን አይተው «ከገጠመ ይሠራል» ማለታቸው ከዚሁ የተነሣ ነው። ነገር ግን የሚሠራበትን አገር ከፍታ ሳይጠይቁ ሊሸጡት የማይገባ ዕቃ ቢኖር ይኸው ነው፤ ሴርቮው በራሱ ምንም ኀይል የለውምና። ኀይሉን የሚሰጠው በውጭ ያለው አየር ነው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። የክቡ ቆርቆሮ ውስጥ ዲያፍራም በሚባል የጎማ ሽፋን ከሁለት ተከፍሏል። የቤንዚን ሞተር ሲዞር በማኒፎልዱ በኩል አየር ይመጣል፤ ሴርቮውም በቱቦ ከማኒፎልዱ ጋራ ስለ ተያያዘ በሁለቱም ክፍል ያለው አየር ተመጦ ይወጣል። ይህም ቫኩም ይባላል። ነጂው ፔዳሉን ሲረግጥ አንዲት ትንሽ ባልቦላ ተከፍታ የውጭውን አየር ወደ ኋለኛው ክፍል ታስገባለች፤ ከፊት ለፊቱ ባዶ ስለ ሆነ የገባው አየር ዲያፍራሙን ይገፋል፤ ዲያፍራሙም ማስተር ሲሊንደር የተባለውን ዋና የፍሬን ፖምፓ ይገፋል። አሳቡ አዲስ አይደለም። የቤልጅግ አገር መሐንዲስ አልበርት ዴዋንድር በ1920ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የዚህ ዐይነት ሴርቮ ሠርቶ ነበር፤ በአሜሪካም ፒርስ አሮው የተባለው ፋብሪካ በ1928 በአውቶሞቢሎቹ ላይ በቫኩም የሚታገዝ ፍሬን አድርጓል። ከዚያ ወዲህ ቅርጹ ቢሻሻልም ሥራው ያው ነው።

እንግዲህ የሚገፋው አየር ከሆነ የአየሩ ግፊት በየአገሩ እኩል አለመሆኑ መታሰብ አለበት። በባሕር ጠረፍ፣ ለምሳሌ ዕቃችን በሚራገፍበት በጅቡቲ ወደብ፣ የአየር ግፊት 76 ሴንቲሜትር ባዜቃ ያህል ነው። ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ባለችው በአዲስ አበባ ግን 57 ሴንቲሜትር ግድም ይሆናል። በደህና ሁኔታ ላይ ያለ ሞተር በሚኒሞ ሲዞር በማኒፎልዱ ውስጥ የሚያስቀረው አየር በሁለቱም ስፍራ 26 ሴንቲሜትር ያህል ነው እንበል። ይህ ከተቀነሰ በጅቡቲ 50፣ በአዲስ አበባ 31 ሴንቲሜትር ቫኩም ይገኛል። አንባቢው እዚህ ላይ ቆም ብሎ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። አየሩ የቀነሰው በሩብ ብቻ ሳለ የሴርቮው ጉልበት የቀነሰው ወደ ሁለት አምስተኛ የሚጠጋ ነው። ምክንያቱም ከላይ የሚቀነሰው ቀንሶ ሳለ ከታች የሚቀረው አልቀነሰም። ትርፍና ወጪ የሚያሰላ ነጋዴ ገቢው በሩብ ሲወርድና የሱቁ ኪራይ ሳይወርድ ሲቀር የሚደርስበትን ስለሚያውቅ፣ ይህን ሒሳብ ለመረዳት አይቸገርም።

በኪሎ ሲሰላ ነገሩ ይበልጥ ይገለጻል። የዲያፍራሙ ስፋት ከዳር እስከ ዳር 20 ሴንቲሜትር የሆነ ሴርቮ በባሕር ጠረፍ 213 ኪሎ ያህል ይገፋል። ያው ዕቃ በአዲስ አበባ 132 ኪሎ ያህል ይገፋል። ከ3000 ሜትር በላይ በሆነው በጣርማ በር አናት ላይ ደግሞ የአየሩ ግፊት ወደ 52 ሴንቲሜትር ስለሚወርድ ከ111 ኪሎ አይበልጥም፤ ይህም በወደቡ ከነበረው ግማሽ ያህሉ ነው። ከዚያም ወዲያ ወደ ደብረ ሲና፣ ቀጥሎም ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወስደው ረዥም ቁልቁለት ይጀምራል።

የውጭ አገር ሻጮች በካታሎጋቸው የሚጽፉት ቍጥር ብዙውን ጊዜ በባሕር ጠረፍ ወይም በቆላ ለሚነዳ አውቶሞቢል የታሰበ ነው። ይህን የሚያደርጉት ለማታለል አይደለም፤ አብዛኛው ገዢያቸው የሚኖረው በዚያ ነው። የአሜሪካ ሻጮች ለሴርቮ የሚበቃ ቫኩም 18 ኢንች ባዜቃ ያህል እንደ ሆነ አዘውትረው ይናገራሉ፤ ይህም 46 ሴንቲሜትር ማለት ነው። በአዲስ አበባ ግን ከፋብሪካ እንደ ወጣ ያለ አዲስ ሞተር እንኳ በሚኒሞ ይህን ያህል አይሰጥም። የሞተሩን ጉልበት ለመጨመር ሲባል ካምሻፍቱ የተለወጠበት አውቶሞቢል ከሆነ ቫኩሙ ከዚህም ያንሳል። ስለዚህ ለደጋ አገር ሴርቮ የሚያዝ አስመጪ የዲያፍራሙን ስፋት ከፍ አድርጎ መጠየቅ ይኖርበታል። ስፋቱ 25 ሴንቲሜትር የሆነው በአዲስ አበባ 206 ኪሎ ያህል ስለሚገፋ፣ 20 ሴንቲሜትር የሆነው በጅቡቲ የሚሠራውን ሥራ ይሠራል ማለት ይቻላል። ለትልቁ ስፍራ ያልተገኘ እንደ ሆነ፣ በአንድ ቆርቆሮ ውስጥ ሁለት ዲያፍራም ተከታትለው የተቀመጡበት ዐይነት አለ፤ እርሱ ወርዱ ሳይጨምር ጉልበቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ ዋጋው ግን ይወደዳል።

የስፍራው ነገር ቀላል እንዳልሆነ ለማስረዳት በዓለም ላይ ለማደሻው እጅግ ብዙ ዕቃ የሚሸጥለትን ፎርድ ሙስታንግን እንውሰድ። ይህ አውቶሞቢል ለገበያ የቀረበው በሚያዝያ 1964 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተራው ዐይነት በአራቱም ጎማ ታምቡር፣ ለሁሉም አንድ ብቻ የሆነ የፍሬን ፖምፓ ነበረው። ለዚሁ ሴርቮ እፈልጋለሁ የሚል ደንበኛ ሲመጣ «የ1965 ሙስታንግ» ብሎ መመዝገብ አይበቃም። ካምቢዮው በእጅ የሚለወጥ ከሆነ የፍሪሲዮን ፔዳል ስላለ የፔዳሉ መያዣና የሴርቮው መቀመጫ አውቶማቲክ ካምቢዮ ካለው ይለያል። ሞተሩ ባለ 6 ሲሊንደር ከሆነ ጎማው የሚታሰረው በ4 ብሎን ሲሆን፣ ባለ 8 ሲሊንደር ከሆነ በ5 ነው። ደንበኛው ከሴርቮው ጋራ የፊቱን ታምቡር በዲስክ ለመለወጥ የፈለገ እንደ ሆነ ይህ ልዩነት ብቻ ሙሉውን ዕቃ ከጥቅም ውጭ ሊያደርገው ይችላል። ቸርኬውም 14 ኢንች ከሆነ የማያስገባቸው ካሊፐሮች አሉ፤ ዲስኩን ገዝቶ በኋላ አራት ቸርኬ ጨምሮ ለመግዛት የተገደደ ደንበኛ ደግሞ ወቀሳው በፋብሪካው ላይ ሳይሆን በባለሱቁ ላይ ነው።

ከሁሉ የከበደው ጉዳይ ግን የፔዳሉ ነው፤ በዚህ ላይ ጥቂት መዘግየት ያስፈልጋል።

ያለ ሴርቮ የተሠራ አውቶሞቢል ፔዳሉ እንደ ረዥም ማንሻ ነው። ነጂው በ30 ኪሎ ቢረግጥ የፔዳሉ ርዝመት ስድስት እጥፍ አድርጎ በፖምፓው ላይ 180 ኪሎ ያሳርፋል። ሴርቮ ሲገባ ግን ይህን ያህል ማንሻ ስለማያስፈልግ፣ ፔዳሉም አጭር መንገድ እንዲሄድ ስለሚፈለግ፣ ማንሻው ወደ አራት እጥፍ ግድም ይቀነሳል። ያው 30 ኪሎ አሁን 120 ኪሎ ብቻ ይሆናል፤ የቀረውን ሴርቮው ይጨምራል። ሁሉም ደህና በሆነበት ጊዜ ይህ መልካም ነው። ቱቦው ቢቀደድ፣ ወይም ሞተሩ ቢጠፋ፣ ነጂው የሚቀረው 120 ኪሎ ነው፤ ማለትም ፍሬኑ ከመሻሻሉ በፊት ከነበረው ያነሰ ነው። የተሻሻለው ፍሬን ከአሮጌው ፍሬን ደክሞ የሚገኝበት ሰዓት አለ ማለት ነው፤ ሰዓቱም ፍሬን እጅግ በሚያስፈልግበት ጊዜ ሊሆን ይችላል።

በሴርቮው መግቢያ ላይ አየር በአንድ ወገን ብቻ የምታሳልፍ ባልቦላ ስላለች፣ ሞተር ከጠፋ በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ለመርገጥ የሚበቃ ቫኩም በውስጡ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። ቁልቁለት ሲደርሱ ቤንዚን ለመቆጠብ ሞተር አጥፍተውና ማርሹን ፎሌ አድርገው የሚወርዱ ነጂዎች አሉ። ሴርቮ በሌለው አሮጌ አውቶሞቢል ይህን ልማድ ያደረገ ሰው ሴርቮ ካስገባ በኋላ በጣርማ በር ወይም በዓባይ በረሓ ቁልቁለት ይህንኑ ቢያደርግ፣ በሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ምን እንደሚገጥመው መገመት አያዳግትም። ይህን ለገዢው መንገር የመካኒኩ ብቻ ሥራ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ዕቃው ከሱቅ ወጥቶ በየትኛው ጋራዥ እንደሚገጠም ባለሱቁ አያውቅምና። በማርሽ ተይዞ የሚወርድ አውቶሞቢል ግን ሞተሩ አጥብቆ ስለሚመጥ ቫኩሙ በሚኒሞ ከሚገኘው ይበልጣል። እንግዲህ ያው ቁልቁለት፣ ያው ዕቃ፣ በአነዳዱ ምክንያት ብቻ ደህና ወይም አደገኛ ይሆናል።

ሁለተኛው ጉዳይ የፖምፓው ነው። በቀድሞዎቹ አውቶሞቢሎች አንዱ ፖምፓ ለአራቱም ጎማ ዘይት ይሰጥ ስለ ነበር፣ በአንድ ጎማ ላይ ያለች ጎሚኒ ብትቀደድ ፍሬን ጨርሶ ይጠፋ ነበር። በአሜሪካ ከጥር 1968 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ አዲስ የሚሸጡ የቤት አውቶሞቢሎች ፍሬናቸው ከሁለት የተከፈለ እንዲሆን በሕግ ታዟል፤ ብዙዎቹ ፋብሪካዎችም ሙስታንግን ጨምሮ በ1967 ሞዴል ቀድመው አድርገውታል። አንዱ ወገን ቢፈስ ሌላው ይይዛል። በአሮጌ ባለ አንድ መንገድ ፖምፓ ላይ ሴርቮ ብቻ መጨመር የተበላሸውን ገመድ አጥብቆ መሳብ ይመስላል፤ በቱቦዎቹና በጎሚኒዎቹ ላይ የሚያርፈው ግፊት ይጨምራልና። ስለዚህ አስመጪው ሴርቮና ባለ ሁለት ክፍል ፖምፓ አንድ ላይ የተገጣጠሙበትን ስብስብ ቢያመጣ ይሻላል። በሁለቱ መካከል ያለችው መግፊያ ዘንግ ርዝመቷ በፋብሪካ የተስተካከለች ስለምትሆን ይህ ሌላም ጥቅም አለው። ዘንጓ በጥቂት ሚሊሜትር ከረዘመች ፖምፓው ዘይቱን መመለስ ያቅተውና ፍሬኑ ሳይረገጥ ይይዛል፤ ጥቂት እንደ ተሄደም ይግላል።

የፊቱ በዲስክ ከተለወጠ ደግሞ አሮጌው ፖምፓ ፈጽሞ አያገለግልም። በታምቡር ፍሬን ዘይቱ ጥቂት ግፊት ይዞ እንዲቈይ የምታደርግ ባልቦላ በፖምፓው ውስጥ ነበረች፤ ያቺው ባልቦላ በዲስኩ መንገድ ላይ ከቀረች ሸራው ዲስኩን ሳይለቅ እየታሸ ይሄዳል። ከዚህም ሌላ የፊቱ እየበረታ የኋላው እንደ ነበረ ሲቀር፣ በኃይለኛ ፍሬን ጊዜ የኋላ ጎማዎች ቀድመው እንዳይቆለፉ ማመጣጠኛ ባልቦላ መጨመር ያስፈልጋል። ይህች ባልቦላ ትንሽ ስለ ሆነች ገዢው «ትቅር፣ ዋጋ ይቀነስልኝ» የሚልባት ዕቃ ናት። በእርጥብ አስፋልት ላይ የኋላ ጎማው የተቆለፈበት አውቶሞቢል ግን ጅራቱን ወደ ፊት ያዞራል።

ስለ ሙቀትም አንድ ቃል መባል አለበት። ሴርቮ እግርን ያቀላል እንጂ ታምቡርን አያቀዘቅዝም። እንዲያውም ሳይታክቱ ደጋግመው ለመርገጥ ስለሚያስችል በረዥም ቁልቁለት ፍሬኑን ቶሎ ያግለዋል። በዚያ ላይ የፍሬን ዘይት እርጥበት ከአየር ይስባል። ዶት 3 የተባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መፍላት የለበትም፤ ውሃ ከሳበ በኋላ ግን ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 የተባለው 230 እና 155 ነው። በደጋ ደግሞ ማንኛውም ፈሳሽ ከጠረፍ አገር ይልቅ ቀድሞ ይፈላል። ዘይቱ ፈልቶ እንፋሎት ሲሆን ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይሆናል። ሱቅ ውስጥ ከተከፈተ ጣሳ እየቀዱ መሸጥ የተለመደ ቢሆንም ለፍሬን ዘይት ይህ መቅረት ያለበት ልማድ ነው፤ በትንንሽ የታሸገ ጣሳ ማስመጣት ዋጋውን ትንሽ ቢያስወድድም ይሻላል። የሞተር ዘይት በስሕተት የገባበት ፍሬን ጎሚኒዎቹ ሁሉ አብጠው ይበላሻሉ፤ እርሱን የሚያድሰው ሁሉንም መለወጥ ብቻ ነው።

ሴርቮ ለማይገባው አውቶሞቢል አለመሸጥም የሻጭ ሥራ ነው። ቮልስዋገን ኤሊ ክብደቱ ወደ 800 ኪሎ ብቻ ስለ ሆነ ፋብሪካው ያለ ሴርቮ ሠርቶታል፤ ፍሬኑ ከብዶኛል የሚል ባለቤት ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው አዲስ ሸራ፣ የተስተካከለ ታምቡርና የጎማ ሲሊንደሮች ናቸው፤ ዋጋቸውም ከሴርቮ ያንሳል። የናፍጣ ሞተር ደግሞ በማኒፎልዱ ውስጥ በቂ ቫኩም ስለሌለው ለብቻው የሚመጥ ፖምፓ ይፈልጋል። ባለ 12 ቮልት በኤሌክትሪክ የሚሠራ የቫኩም ፖምፓ ለቤንዚን ሞተርም ይጠቅማል፤ ጥሩው ከሞተሩ ይልቅ አጥብቆ ስለሚመጥ በደጋ የጎደለውን አብዛኛውን ይመልሳል፤ በአሮጌው ባለ 6 ቮልት አውቶሞቢል ላይ ግን አይሆንም። በእንግሊዝ አገር አሮጌ አውቶሞቢሎች ላይ ከፔዳሉ ርቆ በዘይቱ ቱቦ መካከል የሚገባ ሴርቮ የተለመደ ነው፤ ፔዳሉን መለወጥ ስለማያስፈልገው ሞተር ቢጠፋ የቀድሞው ማንሻ እንዳለ ይቀራል። ስፍራ ለሌለው አውቶሞቢል ይህ በብዙ ይመረጣል።

በመጋዘን በኩል፣ ሴርቮም ሆነ ጎሚኒ የጎማ ዕቃ ስለ ሆነ ያረጃል። ፀሐይ በማያገኘው ስፍራ ተቀምጦ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ። ከድሮ የቀረ የፍሬን ሸራ ያለው ባለሱቅ ደግሞ በዚያ ዘመን የተሠራው አብዛኛው አስቤስቶስ እንዳለበት፣ ብናኙም ለሳንባ ካንሰር እንደሚዳርግ ዐውቆ ከሽያጭ ቢያወጣው ይገባዋል።

ለውጭ አገር ሻጭ የሚላከው የትእዛዝ ደብዳቤ ይህን ያህል ቢዘረዝር ይበቃል፦ «ለ1965 ሞዴል ፎርድ ሙስታንግ፣ ባለ 8 ሲሊንደር፣ ካምቢዮው በእጅ የሚለወጥ፣ መሪው በግራ፣ ቸርኬው 14 ኢንች በ5 ብሎን፤ የፊቱ በዲስክ የሚለወጥ፣ የኋላው ታምቡር። አውቶሞቢሉ የሚነዳው ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 እስከ 3000 ሜትር ከፍታ ነው። ሞተሩ በሚኒሞ ሲዞር የተለካው ቫኩም 12 ኢንች ባዜቃ ነው። በዚህ ቫኩም የሚበቃ ሴርቮ፣ ባለ ሁለት ክፍል ፖምፓ፣ ማመጣጠኛ ባልቦላ፣ የፔዳል መያዣና የቫኩም ቱቦ በአንድ ስብስብ እንዲላክልን፤ የሚበቃ ከሌላችሁም እንድታስታውቁን እንጠይቃለን።» የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር መተው የለበትም። ሻጩ የሚበቃ ነው ብሎ በጽሑፍ ከመለሰ በኋላ ዕቃው ያልሠራ እንደ ሆነ አስመጪው የሚከራከርበት ወረቀት ይኖረዋል። ቫኩሙን የሚለካው መሣሪያ ዋጋው ጥቂት ስለ ሆነ በየሱቁ አንድ ቢኖር ትእዛዙ ከመጻፉ በፊት በደንበኛው አውቶሞቢል ላይ በአምስት ደቂቃ ይለካል።

ዕቃው ከተገጠመ በኋላ ደንበኛው ራሱ ሊያደርገው የሚችል ፈተና አለ። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ፔዳሉን አራት አምስት ጊዜ ረግጦ ያለውን ቫኩም ይጨርሳል፤ ከዚያም እግሩን ፔዳሉ ላይ እንደ ጫነ ሞተሩን ያስነሣል። ሴርቮው የሚሠራ ከሆነ ፔዳሉ ከእግሩ በታች ጥቂት ዝቅ ይላል። ቀጥሎ ሞተሩን አጥፍቶ ጥቂት ደቂቃ ይቆያል፤ መጀመሪያ የረገጠው ቀላል፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው እየከበደ ከሄደ ባልቦላዋ ደህና ናት። የመጀመሪያውም ከከበደ አየር የሚያስገባ ስፍራ አለ፤ አውቶሞቢሉ ከከተማ ሳይወጣ ወደ ጋራዡ ይመለስ።